ገራዶ የቀረች ቁራጭ መሬት

ዛሬ ደሴ አጠገብ ወዳለችው ገራዶ ወርጄ ከአጎቴ ጋር ዋልኩ። አዳማ ለሥራ ሄጄ ያነሳሁትን ፎቶ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። እዚያ በሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች 136 ተርባይኖች ቆመዋል፤ 34ቱ በመጀመሪያው፣ 102ቱ በሁለተኛው። አቅማቸው በድምሩ 204 ሜጋዋት ነው። ከሥራቸው ገበሬው ያርሳል። አንዱ በሬዎቹን ጠምዶ ምሰሶውን ዞሮ ሲመለስ ቆሜ አየሁት። ደስ አለኝ።

አጎቴ ስልኬን አስጠግተው አዩና ጣታቸውን ወደ ምሰሶው በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ አሳረፉ። «ይሄስ ከማን ማሳ ላይ ወጣ?» አሉኝ።

ለምን እንደጠየቁ ገባኝ። ከዓመታት በፊት መንገድ ሲሠራ ከባድ ማሽኖች ማሳቸው ጫፍ ላይ አንድ ክረምት ሙሉ ቆመው ነበር። የዚያ ዓመት ምርት ተገምቶ ካሳ ተከፈላቸው። ማሽኖቹም ሄዱ።

አብረን ሄደን አየነው። ሌሊት ዘንቦ ስላደረ ሌላው ማሳ ውሃውን መጥጦ ለስልሷል። ያቺ ቁራጭ ግን ውሃ ቋጥራለች። አጎቴ በዱላቸው ወጋ ሲያደርጓት ጫፉ ብቻ ገባ። ከሥር ተቆፍሮ የወጣው ነጣ ያለ አፈር ከላይ እንደተደፋ ነው። «ማረሻ አታስገባም» አሉኝ።

ተርባይን ሲተከልም የሚያሰጋኝ ይሄው ነው። መሠረቱ ተቆፍሮ በአርማታ ይሞላል፣ ለክሬን ሜዳ ይደለደላል፣ ለኤሌክትሪክ ገመዱ ቦይ ይወጣል። ምሰሶው ራሱ የሚይዘው ቦታ ትንሽ ነው። ጥቁሩ የላይኛው አፈር ግን ለብቻው ተከምሮ ካልቆየና በመጨረሻ ወደ ቦታው ካልተመለሰ፣ የተጠቀጠቀውም መሬት በጥልቀት ካልታረሰ፣ ጉዳቱ ለዓመታት ይቀራል።

ተርባይኑን አልቃወምም። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ነው፤ በበጋ ግድቦቹ ሲጎድሉ ነፋስ ያግዛል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ለዘለቄታው ለሚነሳና ምትክ መሬት ላላገኘ ገበሬ፣ ካለፉት 3 ዓመታት የበለጠውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ያስከፍላል። ለአጎቴ ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። «ገንዘቡ ጥሩ ነው» አሉ። «እዚያው ለሚቀረውስ? አፈሩን ማን ይመልስለታል?»

መልስ አልነበረኝም። ፊቴን አይተው «አብሽር» አሉኝ። ዘንድሮ ዝናቡ ሲያባራ፣ እርጥበቱ ሳይሸሽ፣ ያቺን ቁራጭ ሽምብራ ሊሞክሩባት ነው።