ሰልፍ ማዘጋጀትን ከቤያርድ ረስቲን ተማርኩ

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ «ጦርነቱ ይቁም» የሚል ሰልፍ ለማዘጋጀት ስንሰበሰብ የሁሉም ጭንቀት ማን ንግግር ያድርግ የሚለው ነበር። እኔ ያን ሰሞን የጥቁር አሜሪካውያን መብት ታጋይ የነበረውን የቤያርድ ረስቲንን ሕይወት እያነበብኩ ስለነበር ሐሳቤ ሁሉ ውሃው፣ ሽንት ቤቱና ትራንስፖርቱ ላይ ሆነ።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1963 ሩብ ሚሊዮን ሰው ዋሽንግተን የወጣበትን ሰልፍ ያቀናበረው ረስቲን ነው። ያውም ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ! በጎ ፈቃደኞች ኒውዮርክ ውስጥ 80,000 የምሳ ጥቅል አዘጋጁ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የአስተባባሪዎቹ ነገር ነው። ጥቁር የኒውዮርክ ፖሊሶችን ሰብስቦ፣ ያለ ሽጉጥ ሰልፉን እንዲጠብቁ አሠለጠናቸው።

እኛም መኪና ማቆሚያ ላይ ተለማመድን። አንዱ ልጅ ተሳዳቢ ሆኖ መጣ። የቀረነው ክንድ ለክንድ ተያይዘን ዝም ማለት ነበረብን። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ አላስቻላቸውም፤ መለሱለት። ደጋግመን ሠራነው። በሰልፉ ዕለት የምር ተሳዳቢ ሲመጣ ማንም ትንፍሽ አላለም። በዚህ በጣም እኮራለሁ። መፈክሮቹንም ረስቲን እንዳደረገው አስቀድመን ተስማማንባቸው።

ከባዱ ነገር ስለ ሕይወቱ የምናድለው ወረቀት ነበር። በኩዌከር (ጦርነትን የሚቃወም የክርስትና እምነት ተከታይ) አያቱ እጅ ማደጉ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አልዋጋም ብሎ ከሁለት ዓመት በላይ መታሰሩ ማንንም አላስከፋም። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑ ላይ ስንደርስ ግን አንድ ትልቅ ሰው፣ «ልጄ፣ እሷን ተዪያት፤ ሰው ይከፋፈላል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እሷን ካወጣን ታሪኩ አይገባም» አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1953 የታሰረውና ሥራውን ያጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰልፉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የዘር መለያየትን የሚደግፈው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ ያንኑ እስር አንስቶ ሴኔት ውስጥ አዋረደው። የሰልፉ መሪ አሳ ፊሊፕ ራንዶልፍ ግን አሳልፎ አልሰጠውም። ራንዶልፍ ሰው ይከፋፈላል ብሎ ረስቲንን ቢያባርር ኖሮ ያን ሁሉ ሕዝብ ማን ያስተባብር ነበር?

ጋሼ አልተስማሙም። ወረቀቱ ግን ምንም ሳይቆረጥ ታተመ፤ ረስቲን እ.ኤ.አ. በ1986 ለኒውዮርክ የግብረ ሰዶማውያን መብት ሕግ መከራከሩንም ጨመርንበት። ከሰልፉ በኋላ ወጣቶቹ ስለ ተናጋሪዎቹ ሳይሆን ስለ እሱ ይጠይቁኝ ስለነበር፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ስለ እስር ቤት ዘመኑ ለብቻው አንድ ገጽ እያዘጋጀሁ ነው።