«መሄድ ነበረብኝ» ሲሉ፣ ሄደዋል ወይስ ቀርተዋል?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ባለ ወረዳ፣ 9ኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ እስከ 8ኛ ድረስ በአማርኛ ሲማሩ ቆይተው 9ኛ ሲገቡ ባዮሎጂውም ፊዚክሱም ባንዴ እንግሊዝኛ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ቴንስ (የግስ ጊዜ) እና ሞዳል ቨርብ (ግዴታን፣ ፈቃድን ወይም ግምትን የሚገልጹ ረዳት ግሶች) ለእነሱ የአንድ ትምህርት ምዕራፍ ብቻ አይደሉም። «ማስት»ን ከ«ሜይ» ያልለየ ልጅ የኬሚስትሪ መመሪያ ሲያነብ የቱ ግዴታ፣ የቱ ፈቃድ እንደሆነ አይገባውም። ይህን የምጽፈው አዲስ ለሚመደቡ መምህራን ነው። እኔ ስጀምር የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ስልጠና ላይም አልሰማሁትም።

ቴንሱ ላይ ብዙ አልቆይም። አሥራ ሁለቱን ቴንስ ሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ዘርግቶ ማስገልበጥ ጊዜ ማባከን ነው። ልጆቹ ሠንጠረዡን በቃላቸው ይወጡታል። ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ ግን የሚመራቸው አማርኛቸው ነው። «በየቀኑ እሄዳለሁ» እና «ነገ እሄዳለሁ» ስንል ግሱ አንድ ነው። «ትናንት አይቼዋለሁ» ማለትም በአማርኛ ምንም ስህተት የለበትም። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚሉት ለዚህ ነው። ሰንፈው አይደለም። መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ «መቼ?» መልሱ ተቆርጦ ከተቀመጠ፣ ማለትም ትናንት፣ አምና ወይም በጥምቀት ከተባለ፣ «ሃቭ» ይውጣ።

አንድ ልጅ ሊወጣ በሩ ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ አይ ኬም» አለኝ። «መጣሁ» ማለቱ ነው። ሁላችንም ብድግ ስንል የምንለው። ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት፤ ሌሎቹ ደግሞ «ሄድኩ በቃ»ን እና «ብርድ ገደለኝ»ን ጨመሩበት። ግሱ ያለፈ ነው፣ ነገሩ ግን ገና ነው ወይም አሁን እየሆነ ነው። ለ«መጣሁ» እንግሊዝኛው «አይል ቢ ባክ» ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ እርስ በርሳቸው ይተራረማሉ።

ሞዳሉም ቢሆን ብዙው ቀላል ነው። «ካን ቱ ጎ» የሚለው ስህተት በልምምድ ይጠፋል። «ሄዶ ይሆናል» «ሜይ ሃቭ ጎን»፣ «ሄዶ መሆን አለበት» «ማስት ሃቭ ጎን» ነው፤ ከአማርኛው ጋር ልክክ ይላል። «ዛሬ ጣርማበር ላይ ጉም ሊኖር ይችላል» ለማለት «ካን» ከጻፉ፣ ለዛሬ ግምት «ሜይ» ወይም «ማይት» በሉ ብሎ ማለፍ ይበቃል።

ጣጣው ያለው «አለበት» ላይ ነው። መጀመሪያ አሉታው። «መክፈል የለብህም» በአማርኛ እንደ አነጋገሩ ሁለት ነገር ነው፦ ወይ አትክፈል፣ ወይ የመክፈል ግዴታ የለብህም። እንግሊዝኛው ሁለቱን ለያይቷቸዋል። «ዩ ማስት ኖት ፔይ» ክልከላ ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ» ማለት ግን ብትከፍልም ባትከፍልም ያንተ ጉዳይ ነው። «አለበት ማለት ማስት ነው» ብሎ ማስተማር ልጆቹን ወደዚህ ገደል መግፋት ነው።

ኃላፊ ጊዜው ይብሳል። አንድ ልጅ «ማይ ፋዘር ሹድ ሃቭ ሶልድ ዘ ሺፕ» ብሎ ጻፈ። ሰዋስዉ እንከን የለውም። «አባትህ በጉን ሸጠው?» አልኩት። «አዎ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም» አለ። እንግዲህ የጻፈው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ አባቱ ሳይሸጡ ቀሩ ማለት ነው። በአማርኛ «መሸጥ ነበረበት» ሁለቱንም ይይዛል። እንግሊዝኛ ግን ያስመርጣል፦ ተገዶ ከሸጠው «ሃድ ቱ ሴል»፣ መሸጥ ሲገባው ከቀረ «ሹድ ሃቭ ሶልድ»።

ስለዚህ በአማርኛ ማስጮህ ጀመርኩ። እኔ «መሄድ ነበረባት» እላለሁ፣ ታሪኩን በአጭሩ እጨምራለሁ፣ ክፍሉ «ሄደች!» ወይም «ቀረች!» ይላል፤ ከዚያ እንግሊዝኛውን ይጽፋሉ። ከኋላ ወንበር የማይነሱ እጆች ሁሉ ተነሱ።

ኢንስፔክሽን፣ ማለትም ክፍል ገብተው የሚገመግሙ ተቆጣጣሪዎች፣ የገባብኝ በዚሁ መሃል ነው። ከመካከላቸው አንዱ «መምህር፣ ይሄ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው ወይስ የአማርኛ?» አሉኝ፣ ልጆቹ ፊት። ደብተር አልገለጡም። አንድ ልጅ እንኳ አልጠየቁም። የያዙት ቅጽ ላይ «መምህሩ በእንግሊዝኛ ብቻ ያስተምራል» የሚል መስፈርት አለ፤ እዚያ ላይ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጥተው ወጡ። ቢሮ ተጠርቼ አስተያየቱን ስሰማ በአማርኛ ነው ያስረዱኝ። እንድረዳቸው ስለፈለጉ ነው፤ ልክ ናቸው። እኔም ልጆቹ እንዲረዱኝ ፈልጌ ነው ብዬ ተከራከርኩ። የልጆቹን ደብተር ይዤ ሄጄ፣ በፊት የጻፉትንና በኋላ የጻፉትን ጎን ለጎን አሳየሁ። «መመሪያ መመሪያ ነው» ተባልኩ። ነጥቡ እስካሁን አልተስተካከለም፤ ባሰብኩት ቁጥር ያንገበግበኛል። የበለጠ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። በዚያ ሳምንት ልጆቹ አማርኛ መናገር ፈሩ፤ እንግሊዝኛውን ደግሞ ገና አልያዙትም፤ ክፍሉ ዝም አለ። ወደ ቦታው ለመመለስ ብዙ ለፋሁ።

እኔ የምመክረው ከመመሪያው ጋር ይጋጫል። ትርጉም በሚለይበት ሰዓት አማርኛ ተጠቀሙ፤ ምሳሌው፣ ልምምዱና መልሱ ግን እንግሊዝኛ ይሁን። ተደብቃችሁ አታድርጉት። የዕለት ዕቅዳችሁ ላይ «ከአፍ መፍቻ ቋንቋ ጋር ማነጻጸር» ብላችሁ ደቂቃውን ጻፉ፤ ጠያቂ ሲመጣ የምታሳዩት ይኖራችኋል። ሰዓት ካጠራችሁ ከሠንጠረዡ ቀንሱ። ፊውቸር ፐርፌክት ኮንቲኒየስ ቢዘገይ የሚጎዳ ልጅ የለም፤ «ሃድ ቱ»ን ያልለየ ልጅ ግን የታሪክ መጽሐፉን ገልብጦ ይረዳዋል።

ፈተና ስታወጡም ተጠንቀቁ። «ሺ ባዶ ቦታ ዘ ክሊኒክ የስተርደይ» ብላችሁ «ሃድ ቱ ጎ ቱ» እና «ሹድ ሃቭ ጎን ቱ»ን ምርጫ ውስጥ ብታስገቡ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩበት፦ መድኃኒት ይዛ ተመለሰች፣ ወይም ቤት ውላ ባሰባት።