መኪና ይዘን ሄደን አውቶቡስ የተሳፈርንበት ጉዞ

የምተዳደረው በሹፍርና ነው። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት መሪ ጨብጬ እውላለሁ። ዋሽንግተን ዙሪያ የትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ዓይኔን ጨፍኜ መናገር እችላለሁ። ስለዚህ ቤተሰቤን ይዤ ፍሎሪዳ፣ ዲዝኒ ዎርልድ የሚባለው የመዝናኛ ቦታ ለመሄድ ስነሳ፣ እዚያ ከደረስን በኋላ ከፓርክ ፓርክ በምን እንሄዳለን የሚለው ጉዳይ ለአፍታም አላሳሰበኝም። መኪና እያለኝ አውቶቡስ የምጠብቅበት ምክንያት አልታየኝም። ከጉዞው ስመለስ ግን ሐሳቤ ተቀይሮ ነበር። በተለይ ሕፃንና እናት አባት ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ ያየሁትን እንዳየሁት ልንገራችሁ።

ጊዜው ነሐሴ 2015፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 2023 ነበር። አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የሰባት ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጃችን፣ እና ልጆቹን ልታይ ከባሕር ዳር የመጣችው እናቴ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃና ዳገት አይሆንላትም። አርብ ማታ ተነስተን አይ 95 በሚባለው አውራ ጎዳና ቁልቁል ወረድን። ቨርጂኒያን፣ ሁለቱን ካሮላይናዎችና ጆርጂያን አቋርጠን ወደ 850 ማይል ነዳን፤ ሲደክመኝ ባለቤቴ ትቀበለኝ ነበር። በአውሮፕላን ያልሄድነው ለቲኬቱ ብለን ብቻ አይደለም። የፍልሰታ ጾም በዚያው ሰኞ ይገባ ነበርና የእናቴን እንጀራ፣ ሽሮና ምስር በማቀዝቀዣ ሳጥን ሞልተን መያዝ ነበረብን። ያረፍነው አርት ኦፍ አኒሜሽን የሚባለው የዲዝኒ ሪዞርት፣ ማለትም እዚያው ግቢ ውስጥ ያለ ሆቴል ነው። ለስድስት ሰው የሚሆነው ክፍል ትንሽ ፍሪጅና ማይክሮዌቭ ስላለው ነው የመረጥነው። ለዚህ ለዚህ መኪናችን ባለውለታችን ናት፤ አውቶቡስ በዚህ አይተካትም።

ዲዝኒ ዎርልድ አንድ ፓርክ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ በኦክቶበር 1 ቀን 1971 የተከፈተ፣ 40 ስኩዌር ማይል አካባቢ የሚሆን፣ የራሱ አውራ ጎዳናዎች ያሉት ሰፊ ቦታ ነው። አራቱ ዋና ፓርኮች ተራርቀው ነው ያሉት። ሪዞርቱ ውስጥ የሚያድር ሰው ሁለቱም ምርጫ አለው። አውቶቡሱ በነፃ ነው፤ በመኪና ከሄደም የፓርኮቹን ማቆሚያ አይከፍልም። ሪዞርቱ ራሱ መኪና ለማሳደር በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ያስከፍል የነበረውም ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ ቀርቷል። ስለዚህ ለእኛ ጥያቄው የገንዘብ አልነበረም፤ የጊዜና የጉልበት ነበር።

እሑድ የመጀመሪያው ቀናችን ከአራቱ ፓርኮች አንዱ የሆነው ማጂክ ኪንግደም ነበር። ፓርኩ በዚያን ጊዜ የሚከፈተው ጠዋት 3 ሰዓት ነበር፣ እነሱ 9 በሚሉት። ሪዞርት ውስጥ ያደረ ግን ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መግባት ይችላል። ለልጆች ይህች ግማሽ ሰዓት ትልቅ ነገር ናት፤ ወረፋው ሳይረዝም ሁለት ጨዋታ ይጫወቱባታል። ስልኬ ላይ ካርታ ከፈትኩ፤ 12 ደቂቃ ይላል። "ሁለት ሰዓት ላይ ብንወጣ ይተርፈናል" አልኩ ለባለቤቴ። መንገዱም በእርግጥ 12 ደቂቃ ነበር። ነገር ግን መንገዱ የሚያደርሰው ማቆሚያው ድረስ ነው፤ ማቆሚያው ደግሞ ፓርኩ ጋ አይደለም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

የማጂክ ኪንግደም መኪና ማቆሚያ ያለው ከሐይቅ ወዲህ ነው፤ ፓርኩ ከሐይቁ ማዶ ነው። ሐይቁ ሰው የቆፈረው ነው። የወጣው አፈር ፓርኩ የቆመበትን መሬት ለማንሳት ውሏል፤ ጎብኚው በሚራመድበት ጎዳና ሥርም ሠራተኞች የሚመላለሱባቸው ሰፋፊ መተላለፊያዎች አሉ። መኪና ወዲህ ይቀራል፣ ሰው ውሃ ተሻግሮ ይገባል። ከመጀመሪያው እንዲህ ተደርጎ ነው የታቀደው። እኛ ታዲያ ከመኪና ወረድን፣ የልጅቱን ጋሪ ዘረጋን፣ ትራም የሚሉትን፣ ከማቆሚያው ሰው የሚያመላልሰውን ተጎታች ለመሳፈር መልሰን አጠፍን። ትራንስፖርቴሽን ኤንድ ቲኬት ሴንተር የሚባለው ቦታ ወርደን ጋሪውን እንደገና ዘረጋን፣ ቦርሳ አስፈተሽን። ከዚያ በኋላ ሞኖሬል፣ ማለትም በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር፣ ወይም ጀልባ መምረጥ አለብን። ወደ ሞኖሬሉ የሚያወጣው ዳገት ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችውና ምንም ሳትናገር ጉልበቷን ያዝ አደረገች። በጀልባው ሄድን። ከክፍላችን በር እስከ ፓርኩ በር 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀብን። ግማሽ ሰዓቷ አለፈች። ልጄ "አባ፣ ዘገየን እንዴ?" ሲለኝ የምመልስለት አጣሁ።

ከጀልባው ላይ ያየሁት ነገር ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። 600 ሰው የሚይዝ ባለ ሁለት ፎቅ ጀልባ ነው። እናቴ ከፊት ለፊቱ አጥር ተደግፋ፣ ነጠላዋ በነፋስ እየተገለጠ፣ ማዶ ያለውን የፓርኩን ቤተ መንግሥት ሳይሆን ውሃውን ታያለች። "ጣናን አስመስለውታል" አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ደንገል ብቻ ነው የጎደለው"። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

የማታው ከጠዋቱ ባሰ። ርችቱ ሲያልቅ ፓርኩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ልጅቷ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ጠዋት ያደረግነውን ሁሉ ገልብጠን እንደገና ሠራነው፤ ጀልባ፣ ትራም፣ ጋሪ ማጠፍ። በመጨረሻም በጨለማ መኪና መፈለግ። ደግነቱ ያቆምኩበትን መደዳ ምልክት ጠዋት ፎቶ አንስቼው ነበር፤ ይህን ሳታደርጉ ከመኪናችሁ እንዳትርቁ። ክፍላችን ስንደርስ ባለቤቴ ጫማዋን እያወለቀች "ሥራ ውለህ የገባህ ነው የምትመስለው" አለችኝ። እውነቷን ነበር።

በዚያች ሌሊት ነው ሒሳቤን ያስተካከልኩት። እኔ የቆጠርኩት የመንዳቱን ደቂቃ ነው። የሚቆጠረው ግን ከክፍል በር እስከ ፓርክ በር ያለው ነው፤ ያውም ሕፃን ተሸክሞ፣ እናት ደግፎ። በዚህ ከተቆጠረ መልሱ ለአራቱም ፓርክ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ሰኞ ጾሙ ገባ። እናቴ እስከ 9 ሰዓት ምንም አትቀምስም። የሄድነው እንስሳት ያሉበት ፓርክ፣ አኒማል ኪንግደም ነበር። እዚያ ሞኖሬልም ጀልባም የለም፤ ያለው አውቶቡስና መኪና ነው። ማቆሚያው ግን ከራሱ ከፓርኩ ፊት ነው፣ የሚሻገሩት ውሃ የለም። መኪና ወሰድን። በጠዋት ገብተን ሳፋሪውን ቀድመን አየን፤ እንስሳቱ ፀሐይ ሳይበረታ ነው ቆመው የሚታዩት። ከሰዓት በኋላ በፍሎሪዳ በዚያ ወቅት ደመናው ይከማችና ዝናብና መብረቅ ይመጣል። 8 ሰዓት ሲሆን እናቴ ዝም ማለት ጀመረች፤ ዝም ስትል እንደደከማት አውቃለሁ። ወዲያው ወጣን። መኪናው እንደ ምድጃ ግሎ ነበርና በሮቹን ከፍቼ ትንሽ አናፈስኩት። 9 ሰዓት ላይ ክፍላችን ውስጥ ሽሮው ከማይክሮዌቭ ወጥቶ እንጀራ ላይ እየፈሰሰ ነበር። አውቶቡስ ቢሆን 20 ደቂቃ ገደማ ልንጠብቅ እንችል ነበር፣ መንገዱም ይጨመራል። በዕድሜ የገፋ፣ የሚጾም፣ ወይም መድኃኒቱን በሰዓቱ የሚወስድ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ በፈለጋችሁ ሰዓት መነሳት መቻላችሁ ከምንም ይበልጣል።

ለተቀሩት ሁለት ፓርኮች፣ ለኤፕኮትና ለሆሊውድ ስቱዲዮስ ግን መኪናም አውቶቡስም አላስፈለገንም። ከሪዞርታችን ደጃፍ ስካይላይነር የሚሉት፣ በገመድ ላይ የሚሄድ ትንሽ ክፍል አለ፤ በሴፕቴምበር 2019 ነው የተጀመረው። ካሪቢያን ቢች የሚባለው ሪዞርት ላይ ወርዶ ወደ አንዱ ፓርክ የሚሄደውን መቀየር ነው። ትንሽ የልጅ ጋሪ ሳያጥፉ ይገባሉ። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ደግሞ ክፍሉ ቆሞ የሚሳፈሩበት ቦታ ለብቻው ስላለ ሠራተኞቹን መጠየቅ ነው። አየር ማቀዝቀዣ የለውም፣ መብረቅ ሲኖርም ይቆማል። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ቶሎ መመለስ፣ ወይም አውቶቡሱን ማሰብ። አንዳንድ ሪዞርቶች አውቶቡስ ብቻ ነው ያላቸው፤ ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ይህን እዩ።

ረቡዕ እንደገና ማጂክ ኪንግደም፣ በዚህ ጊዜ በአውቶቡስ። መኪናዬን አልፌ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ስሄድ እግሬ እንቢ እያለኝ ነበር። ማቆሚያው ላይ ቀጣዩ አውቶቡስ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ የሚያሳይ ሰሌዳ አለ፤ በስልክ አፑ ላይም ይታያል። ያንን ካወቅን በኋላ ክፍላችን ተቀምጠን ደቂቃውን አይተን ነበር የምንወጣው። አውቶቡሱ ሲመጣ በጎኑ ዝቅ ይላል፤ በዊልቸር ያሉት ቀድመው ይገባሉ። ባለቤቴ ጋሪውን አጥፋ በአንድ እጇ ያዘችና በሌላው የእናቴን ክንድ ደግፋ "እማማ፣ እርስዎ ቀድመው ይግቡ፣ መስኮቱ ጋ ይቀመጡ" አለቻት። ልጅቷን እኔ ታቀፍኩ። ካርሲት (የልጅ የመኪና መቀመጫ) ማሰር የለ፣ ትራም የለ፣ ጀልባ የለ። አውቶቡሱ ያወረደን ከፓርኩ በር አጠገብ ነው። መጠበቁን ጨምሮ 35 ደቂቃ። ልጄ ያቺን ግማሽ ሰዓት አገኛት።

አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። ከስንት ዓመት በኋላ መሪ ሳልይዝ፣ መስታወት ሳላይ፣ ቤተሰቤን ዞሬ አየኋቸው። ልጄ ለአያቱ ካርታ ዘርግቶ በተሰባበረ አማርኛ ያስረዳታል፣ እሷም ሁሉንም እንደገባት ራሷን ትነቀንቃለች። መኪና ውስጥ ሁልጊዜ ከጀርባዬ ነው የሚያወሩት። የምሰማው እንጂ የማየው ነገር አልነበረም። ሹፌር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ።

ማታ ላይ ርችቱ ሲያልቅ ወደ በሩ አልተጋፋንም። ሱቆቹ ከፓርኩ ትንሽ ዘግይተው ስለሚዘጉ ዋናው ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ሰልፉ ሲሳሳ ወጣን፣ ሁላችንም መቀመጫ አገኘን። በዚያ ሰዓት ተጣድፎ የሚወጣ ግን ሕፃን ታቅፎ መቆም ሊኖርበት ይችላል፤ አውቶቡስን ከመረጣችሁ ይህን አስባችሁበት።

ከዲዝኒ ውጭ ባሉ ሆቴሎች ለምታርፉ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ "ነፃ ሸትል አለን" ይላሉ፤ እንግዳ የሚያመላልስ መኪና ማለታቸው ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ የመጨረሻው መመለሻ ስንት ሰዓት እንደሆነና የት እንደሚያወርድ ጠይቁ። ለማጂክ ኪንግደም የሚያወርደው በሩ ላይ ሳይሆን መኪና የሚቆምበት ወገን ነው። ከዚያ በኋላ የኛን እሑድ ትደግሙታላችሁ። በአውሮፕላን ለምትሄዱም፣ የሪዞርቱ እንግዶች ከኦርላንዶ አየር ማረፊያ በነፃ ይሳፈሩበት የነበረው አውቶቡስ በፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ ቀርቷልና ያንን ወጪ አስቡት። ሌላ ሪዞርት ውስጥ ያረፈ ዘመድ ለመጠየቅም መኪና ይሻላል፤ ከሪዞርት ሪዞርት በቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስ ስለሌለ መሃል ላይ ወርዶ መቀየር ይጠይቃል። ለዲዝኒ ስፕሪንግስ ገበያም በመኪና ነው የሄድነው፤ ማቆሚያው ለማንም ሰው ነፃ ነው።

ሐሙስ ማታ የመጨረሻችን ነበር። የፓርክ ቲኬታችን አልቋል፣ ልጆቹ ገንዳ ውስጥ ናቸው። እናቴን "ትንሽ እንውጣ" ብዬ መኪና ውስጥ አስገባኋት፤ የት እንደምንሄድ አልነገርኳትም። ወደዚያው ከሐይቁ ወዲህ ወዳለው ማቆሚያ ነዳሁ፤ እሑድ ያማረረኝ ማለት ነው። ጀልባው የፓርክ ቲኬት አይጠይቅም፤ ፍተሻ አልፎ መሳፈር ብቻ ነው። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ማዶ ደረስን፤ ወርደን በሩ ጋ ጥቂት ቆምንና በሚቀጥለው ጀልባ ተመለስን። በዚህ ጊዜ ሰዓቴን አላየሁም። አጠገቧ ቆሜ፣ አያቴ ከዘጌ ቡና ጭነው በታንኳ እንዴት ይሻገሩ እንደነበር ስትነግረኝ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ወዲህ ዳር ስንደርስ ሰው ሁሉ ወደ መውረጃው ሄደ፤ እናቴ ግን አጥሩን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

"አንድ ጊዜ እንድገመው፣ ልጄ?" አለችኝ።

ደገምነው።