ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የሚናወጥ ባሕር

እኛ የሰሜን ሸዋ ሰዎች የአየሩን ጠባይ የምናውቀው ወደ ላይ አንጋጠን ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ካመሸ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ እንደሚጥል፣ ከደብረ ሲና ሽቅብ የሚወጣው ጭጋግ ጣርማ በርን ከሸፈነ ደግሞ ሾፌር ሁሉ መብራቱን አብርቶ እያዘገመ እንደሚያልፍ ልጅ አዋቂው ያውቃል። የእህቴ ልጅ ጅቡቲ ወርዶ በአንዲት አነስተኛ ጀልባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን የባሕሩን ትንበያ ማታ ማታ በስልኬ እከታተላለሁ፤ ይህ የደጋ ልማዳችን ለባሕር እንደማይበቃም ተረድቻለሁ።

ሞገድን የሚያስነሣው ነፋስ ነው። ነፋሱ በረዘመ የውኃ ገጽ ላይ ብዙ ሰዓት በነፈሰ መጠን ሞገዱም እየገዘፈ ስለሚሄድ፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ የተነሣ ሞገድ አንዲት ዳመና ወደማይታይበት ዳርቻ ሊደርስ ይችላል።

ትንበያው ላይ ሁለት ቁጥሮችን አጥብቄ አያለሁ። የመጀመሪያው በኖት የሚለካው የነፋስ ፍጥነት ሲሆን፣ 1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነፋሱ ከ10 ወደ 20 ኖት ሲያድግ በጀልባዋ ላይ የሚያሳርፈው ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው የሞገድ ከፍታ ነው። «1 ሜትር ተኩል» ተብሎ የሚጻፈው ከሞገዶቹ ሁሉ የትልልቆቹ ሲሶ አማካይ እንጂ የመጨረሻው ጣሪያ ስላልሆነ፣ አልፎ አልፎ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ሞገድ ሊመጣ እንደሚችል አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል።

በደቡባዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ በእኛ በጋ በአብዛኛው ከደቡብ ምሥራቅ፣ በክረምት ደግሞ ከሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል፤ ባብ ኤል መንደብ ላይ ሲደርስ በግራና በቀኝ ባሉት ተራሮች መካከል ተጨምቆ ይበረታል። ማዕበሉ ከውኃው ፍሰት ጋር ፊት ለፊት ሲጋጠም ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን ክፉኛ ያንገላታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ጅቡቲዎች ካምሲን የሚሉት፣ በክረምቱ ወራት ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍሰው ትኩስና አቧራማ ነፋስ ነው። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ደውሎ «ጋሼ፣ ከዳር ሆኖ ሲያዩት እኮ ውኃው እንደ መስተዋት ነው» አለኝ። ልክ ነበር፤ ነፋሱ ከየብስ ስለሚነሣ ዳር ላይ ሞገድ ለማስነሣት የሚበቃ ርቀት አያገኝም። ሞገዱ የሚያድገው ጀልባዋ ከዳር እየራቀች ስትሄድ ነው፤ ያን ጊዜ ሞተሯ ቢጠፋ ነፋሱ ወደ ዳር ሳይሆን ወደ ጥልቁ ይገፋታል። ስለዚህ «የውኃውን ገጽ ተወውና ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ጠይቅ፤ ከየብስ ከሆነ መልሕቅና ትርፍ ነዳጅ ሳትይዙ እንዳትወጡ፣ የሕይወት ማዳኛ ጃኬትህንም ገና ወደብ ሳለህ ልበስ» አልሁት።