የሚሸለመውን ሰው ፍለጋ

ሕክምናንና ቴክኖሎጂን አጣምረው አዲስ ነገር የፈጠሩ የሆስፒታላችንን ባልደረቦች እንሸልም ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሳብ ያመጣ ሥራውንም ይሸከማል፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ አደረጉኝ።

መጀመሪያ ማስታወቂያ ለጠፍን። የመጣው ማመልከቻ ሁሉ ያማረ ነው። ስላይድ አለው፣ ግራፍ አለው። ግማሹ ላይ "አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ" የሚል አይጠፋም። መተግበሪያዎቹን ከፍተን ስናይ ግን ሁለቱን ከሠሪዎቻቸው በቀር የሚጠቀምባቸው የለም።

ማመልከቻውን ትቼ ዋርድ ለዋርድ መዞር ጀመርኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ "ነገ ጠዋት ቢወሰድባችሁ የምትጮሁበት ነገር ምንድን ነው?"

አንዷ ነርስ ወደ አንድ አልጋ ወሰደችኝና የኦክሲሜትሩን፣ የደም ኦክስጅን መለኪያውን፣ የጣት መቆንጠጫ አሳየችኝ። ገመዱ ሁልጊዜ የሚበጠሰው ከመቆንጠጫው በሚወጣበት አንገቱ ላይ ነው። አሁን እዚያ ላይ የእስክሪብቶ ሞላ ተጠምጥሞበታል፤ ገመዱ እጥፍ እንዳይል ይይዘዋል። የጥገና ክፍሉ ቴክኒሻን ሥራ ነው።

ኮሚቴው ውስጥ "ይሄ ጥገና እንጂ ፈጠራ አይደለም" የሚል ተነሳ። ሌላው "ሞላው መሃል ቆሻሻ ቢገባ እንዴት ይጸዳል?" አለ። ይሄኛው ትክክል ነበር። ቴክኒሻኑ በሳምንቱ ሲሞቅ የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ አልብሶት መጣ። አሁን በጨርቅ የሚወለወል ሆነ።

ለመጀመሪያው ተቃውሞ የታኩኦ አዮያጊን ታሪክ አነሳሁ። ጃፓናዊ መሐንዲስ ነበር። ልብ የምትረጨውን ደም ደም ሥር ውስጥ በተጨመረ ቀለምና በብርሃን ሊለካ ሲሞክር የደም ትርታው ልኬቱን እየረበሸ አስቸገረው። ትርታውን ለማጥፋት ሲታገል፣ ያው ረባሽ ትርታ የደሙን የኦክስጅን መጠን እንደሚነግረው ገባው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1974 አቀረበ። አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር የሚሰጠውን የጤና ቴክኖሎጂ ፈጠራ ሜዳሊያ ያገኘው በ2015 ነው። ዛሬ ጣታችን ላይ የምንቆነጥጠው መሣሪያ መነሻው ያ ነው። ቴክኒሻኑ በአብላጫ ድምፅ አለፈ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በሽልማቱ ዕለት የመክፈቻ ንግግሬን ያሳመርኩት የሰውነትን ውስጥ በኤክስሬይ በሚያሳየው በሲቲ ስካን ታሪክ ነበር። በእሱ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1979 በሕክምና የኖቤል ሽልማት የወሰዱት ሃውንስፊልድ መሐንዲስ፣ ኮርማክ ደግሞ የፊዚክስ ሰው ናቸው፤ አንዳቸውም ሐኪም አልነበሩም እያልኩ ተመጻደቅኩ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሐኪምና ፕሮግራመር አብረው የሠሩት ሥራ ተጠራ። ሰርተፊኬቱ ላይ ያለው የሐኪሙ ስም ብቻ ነው! ዝርዝሩን ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። ፕሮግራመሯ ኋላ ወንበር ላይ ሆና ታጨበጭባለች። ደግነቱ ሐኪሙ ማይኩን ይዞ በስሟ ጠራት። እኔ መግቢያ ቀዳዳ ጠፋኝ።

ከዚያ ወዲህ ተሸላሚውን "ካንተ ሌላ ማን ነበረበት?" ብዬ ሁለት ጊዜ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው "ቡድኑ" ይላሉ። ስም የሚመጣው በሁለተኛው ነው። ቴክኒሻኑንም ዘግይቼም ቢሆን ጠየቅኩት። ገመዱ የት የት እንደሚበጠስ ለሁለት ወር በወረቀት እየመዘገበች የሰጠችው ያቺው ነርስ ናት። አልጋው ጋ ቆመን ስናወራ ስለ ራሷ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ሰርተፊኬቷን ያሳተምነው ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ ነው።