«ሬንት» በተሰኘው ግስ የተሳሳትሁበት ደብዳቤ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ሰነድ እተረጉማለሁ። አንድ ቀን በዕድሜ የገፉ እናት፣ ውጭ አገር ያደገ የወንድማቸው ልጅ በእንግሊዝኛ የጻፈላቸውን ደብዳቤ ይዘው መጡ። ደብዳቤው አክስቱ አቃቂ ውስጥ አንድ ቤት «ሬንት» እንደሚያደርጉ ብቻ ይናገራል፤ ከማን ወይም ለማን የሚል ቃል አልነበረበትም። እኔም ሳላመነታ «ቤት ተከራይተው ይኖራሉ» ብዬ ጻፍሁ። ሳነብላቸው እጃቸውን ከነጠላቸው አውጥተው ወረቀቱ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ እኔ እኮ አከራይ ነኝ፤ ቤቱን ከባለቤቴ ጋር ራሳችን ነን ያቆምነው» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቅሬታ እስካሁን ይሰማኛል።

በአማርኛ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ የሚለየው ከፊት የሚቆመው «ተ» ወይም «አ» ነው፤ ተከራየ፣ አከራየ፤ ተበደረ፣ አበደረ። እንግሊዝኛ ለብድር «ቦሮው» እና «ሌንድ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ግሶች ሲኖሩት፣ ለኪራይ ግን «ሬንት» ሁለቱንም ወገን ይሸከማል። ስለዚህ ከግሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል መመልከት ጀመርሁ፤ «ፍሮም» ካለ ባለጉዳዩ ተከራይ ነው፣ «ቱ» ወይም «አውት» ካለ አከራይ ነው። የብሪታንያ ጸሐፊዎች ለአከራዩ «ሌት» የሚለውን ግስ ስለሚያዘወትሩ የእነርሱ ጽሑፍ ብዙም አያስቸግርም።

የባሰው «ሊዝ» ነው፤ እርሱም በእንግሊዝኛ ሁለቱንም ወገን የሚያመለክት ሆኖ ሳለ፣ እኛ ዘንድ ከአዋጅ ቁጥር 721/2004 ጋር ተያይዞ የከተማ መሬት ይዞታ ስም ስለሆነ፣ የቤት ኪራይ ውልን እንዳለ «ሊዝ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ወደ መሬት ጉዳይ ይወስደዋል። በውል ላይ ደግሞ ስህተቱ ከቅሬታ ያልፋል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከ2 ወር የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ የሚከለክለው አከራዩን ነው፤ ሁለቱ ስሞች ከተቀያየሩ ክልከላው በማይመለከተው ሰው ላይ ያርፋል።

የእማማን ደብዳቤ በዚያው ቀን «ቤታቸውን ያከራያሉ» ብዬ አስተካክዬ ደግሜ አነበብሁላቸው። ከዚያ ወዲህ ከግሱ በኋላ ምንም ፍንጭ ባላገኘሁ ቁጥር ባለጉዳዩን ሳልጠይቅ አልጽፍም፤ የምጠይቀውም «ኪራዩን ይከፍላሉ ወይስ ይቀበላሉ?» ብዬ ነው።