ላፕቶፑ ነቅቶ ዋይፋዩ ሲዘገይ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ሥራ እሠራለሁ። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ለመቆጠብ ሊኑክስ የተጫነበትን ላፕቶፔን አስተኛለሁ፤ ሲመጣ እቀሰቅሰዋለሁ። ስክሪኑ ወዲያው ይበራል፣ ዋይፋዩ ግን ከሩብ ደቂቃ በላይ ይሽከረከራል። ደንበኛ በቴሌግራም የላከውን ሲቪ ላትም ስጠብቅ፣ በተለይ ሰልፍ ሲኖር፣ ይህ ረጅም ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የዋይፋዩን ኃይል ቆጣቢ ያጠፋል። እኔ ምንም ከመንካቴ በፊት ጊዜው የት እንደሚባክን ማየት ፈለግሁ። ጆርናልሲቲኤል የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ የኔትወርክ ማናጀርን፣ ማለትም ግንኙነቱን የሚመራውን ፕሮግራም፣ መዝገብ ከነሰከንዱ ያሳያል። ኔትወርኩን መፈለጉና የይለፍ ቃሉን ማረጋገጡ ቶሎ ያልቃል፤ ዲኤችሲፒ ጋ፣ ማለትም ላፕቶፑ ከራውተሩ (ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሣጥን) አድራሻ የሚቀበልበት ደረጃ ላይ፣ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ሌላም ፍንጭ ነበር፦ መብራት ሳይጠፋ ምሳ በልቼ ስመለስ ያው ላፕቶፕ ወዲያው ይገናኛል።

የእኔ ሊኑክስ ቆየት ያለ ነው፤ አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) የሚጠይቀው ዲኤችክላየንት በሚባል ፕሮግራም በኩል ነው። ይህ ፕሮግራም ሲነቃ አዲስ አድራሻ አይጠይቅም፤ «የቀድሞዬን ስጠኝ» ይላል። ራውተሩ ደግሞ ከመብራቱ ጋር ጠፍቶ ስለተነሳ ለማን ምን እንደሰጠ አያስታውስም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የዲኤችሲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 2131፣ መዝገቡ ላይ የሌለ መሣሪያ የድሮ አድራሻውን ሲጠይቅ አድራሻ ሰጪው፣ እዚህ ራውተሩ፣ መልስ እንዳይሰጥ ያዛል። ራውተሩ እምቢ ቢለው ኖሮ ላፕቶፑ ወዲያው አዲስ ይጠይቅ ነበር። ዝም ሲለው ግን ዲኤችክላየንት 10 ሰከንድ ጠብቆ ነው ከሀ የሚጀምረው። ሁለቱም ደንቡን እያከበሩ ነው የሚያጓትቱት! መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህን ማወቅ ብዙ ንዴት ያስቀራል።

በዲኤችክላየንት ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ «ሪቡት» የሚለውን 10 ቁጥር ዝቅ ማድረግ አንድ መንገድ ነው። እኔ የመረጥኩት ለሱቁ ዋይፋይ ብቻ ቋሚ አድራሻ መስጠትን ነው፤ ያኔ መጠየቁ ራሱ ይቀራል። በኔትወርክ ማናጀር አይፒቪ4 ገጽ ላይ «ማንዋል» ብዬ አድራሻውን፣ ጌትዌዩን (ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣውን የራውተሩን አድራሻ) እና ዲኤንኤሱን (የድረ ገጽ ስም ወደ ቁጥር የሚቀይረውን) ሞላሁ። ዲኤንኤሱ ካልተሞላ ዋይፋዩ ተገናኝቷል እያለ ድረ ገጽ አይከፈትም። አድራሻው ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውጭ መሆን አለበት፤ የአድራሻው የመጨረሻ ቁጥር ከ100 እስከ 199 የሆነውን የሚያድል ከሆነ 200ን መያዝ ነው፤ አለበለዚያ የደንበኛ ስልክ ያንኑ ቁጥር ይዞ ሁለቱም ይረበሻሉ።

አሁን ላፕቶፑን ከፍቼ ቴሌግራምን እስክነካ ድረስ መስመሩ ይደርሳል። የቤቴን ዋይፋይ በአውቶማቲክ ትቼዋለሁ። የሱቁ ራውተር የተቀየረ ቀን ግን መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ይህ ቋሚ አድራሻ ነው።